የጅቡ አረማመድ

አሪፋ ሰውን የምትለየው ከፊቱ ይልቅ በአረማመዱ ነው። ያደገችው በባሕር ዳር ገበያ ዳር፣ በአባቷ የጨርቅ ሱቅ ውስጥ ነው። ከሱቁ ፊት ለፀሐይ የተወጠረው ሸራ በጣም ዝቅ ያለ ስለነበር፣ ከባንኮኒው ኋላ ለተቀመጠ ሰው የመንገደኛው ከወገብ በላይ አይታየውም። ቀኑን ሙሉ የሚያልፈው እግር ብቻ ነበር። የሚቸኩል እግር፣ የሚንሸራተት እግር፣ ሊገዛ ፈልጎ የሚያፍር እግር። ገና በልጅነቷ «እትዬ ፅጌ ማርያም መጡ» ትላለች፤ አባቷ ቀና ብለው ሲያዩ ከሸራው ሥር ጎንበስ ብለው የሚገቡት እውነትም እሳቸው ይሆናሉ።

አባቷ ጋሽ ኑርሑሴን ራሳቸው በአረማመዳቸው የሚታወቁ ሰው ነበሩ። ረጅምና ቀጥ ያሉ ናቸው። ጣቃ ጨርቅ ትከሻቸው ላይ አጋድመው የሐይቁን ወደቦች ያዳርሱ ነበር፤ በጀልባ እስከ ደልጊ፣ ከደልጊ እስከ ጎርጎራ። ከጀልባው ወደ ምድር በተጋደመው ሳንቃ ላይ ሌላው ነጋዴ እጁን ዘርግቶ ሚዛኑን ሲፈልግ፣ እሳቸው በደጃፋቸው እንደሚመላለስ ሰው ዝም ብለው ያልፉታል።

የወደቁትም እዚያው ሳንቃ ላይ ነው። ደልጊ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጣቃውን እንደተሸከሙ ግራ ጉልበታቸው ከዳቸው። በወደቡ ያሉ ሰዎች አዳልጧቸው መስሏቸው ሳቁ። ሊነሱ ሲሞክሩ አፋቸው ወደ አንድ ወገን መጣመሙን አይታ ሳቁን ያስቆመችው አንዲት ዓሣ ሻጭ ናት። በዚያ ሰሞን የየብሱ መንገድ ተዘግቶ ስለነበር መኪና አልተገኘም፤ ተመላሹን ጀልባ እየጠበቁ አደሩ። ባሕር ዳር ሲደርሱ ሐኪሙ «ስትሮክ ነው፤ ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብታመጧቸው...» ብሎ ጀመረና የቀረውን ዋጠው።

ግራ እጃቸው ደረታቸው ላይ እንደታጠፈ ቀረ። እግራቸው ግን በከዘራ እየታገዘ መንቀሳቀስ ጀመረ። መሲ የምትባለው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የእግሩ መድኃኒት መሄድ ብቻ እንደሆነ ነገረቻቸው።

«ቢያምርም ባያምርም ይሂዱ ጋሼ» አለቻቸው። «ለሠርግ አይደለም የምንዘጋጀው።»

ለአሪፋ ደግሞ በየሳምንቱ አባቷ ሲራመዱ በስልኳ እንድትቀርጽ አዘዘቻት፤ ለውጡን እያየች እንቅስቃሴውን ልታስተካክልላቸው ነው። ጋሽ ኑርሑሴን መቀረጹን አልወደዱትም። ለልጃቸው ሲሉ ግን ከሱቁ ኋላ ባለችው የቤታቸው ጠባብ ግቢ ከግድግዳ ግድግዳ ይሄዱላታል። ሲጨርሱ ላባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጠይቃሉ።

«እንዴት ነኝ?»

«ካለፈው ይሻላሉ አባዬ።»

«እስቲ ልየው።»

«ስልኩ ሊዘጋ ነው፤ ሌላ ጊዜ።»

ሌላ ጊዜው አይመጣም። አሪፋ ቪዲዮዎቹን አሳይታቸው አታውቅም፤ ካለፈው አይሻሉም ነበርና። መሲ ከክፍሉ ውጭ ጠርታ ነግራታለች። እግሩ ከደረሰበት ብዙም አያልፍም፤ መሄዱን ካቆሙ ግን ጅማቱ ይኮማተራል፣ ጉልበቱ እንደታጠፈ ይደርቃል፣ ዳግመኛ አይቆሙም። «ተስፋቸውን አትንኪባቸው» ብላታለች መሲ። «እግራቸውን የሚያነሳው ጡንቻ እንዳይመስልሽ።» ስለዚህ አሪፋ በየሳምንቱ ትዋሻለች፤ ጋሽ ኑርሑሴንም በየቀኑ ይሄዳሉ። ከቤት ወደ ሱቅ፣ ከሱቅ ወደ መስጊድ፣ ከዘራቸውን እያስቀደሙ፣ ግራና ቀኝ ሰላምታ እየሰጡ።

የእሷ ሥራ ሥዕል ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከጨረሰች በኋላ በስልኳ ስትሥል ቆይታ፣ በኮምፒውተር ማሠልጠኛ ከኪሩቤል ጋር ተዋወቀች። የኪሩቤል አባት ለፋብሪካ ሥራ ከሐዋሳ የመጡ መሐንዲስ ናቸው፤ ሽምብጥ ሰፈር ከሚገኘው ግቢያቸው አንዲቱን ክፍል ለልጃቸው ለቀውለታል። በዚያች ክፍል ሁለቱ አንድ የስልክ ጨዋታ ይሠሩ ነበር። እሱ ፕሮግራሙን ይጽፋል፣ እሷ ትሥላለች።

በጨዋታው ውስጥ አንድ ታንኳ ቀዛፊ አለ። ከሐይቁ ደሴቶች መንገደኛ እየጫነ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ባሕር ዳር ማድረስ አለበት። በዳርቻው ደንገል ውስጥ ደግሞ ቀን ሰው ሆኖ የሚውል፣ ሲመሽ ጅብ የሚሆን ፍጡር ይከተለዋል። ታንኳዋ ወደ ዳር በተጠጋች ቁጥር ከደንገሉ ብቅ ይላል።

በመጀመሪያ አሪፋ ሁሉንም በእጇ ትሥል ነበር። ሰው አንድ ጊዜ እንዲራመድ እግሩ ሲነሳ፣ ሲዘረጋ፣ ሲያርፍ፣ ክብደቱ ወደ ሌላው ጎን ሲዛወር፣ እያንዳንዷ ቅጽበት ለብቻዋ ትሣላለች። ቀዛፊውን ብቻ ለማንቀሳቀስ ሳምንታት ፈጀባት። ኪሩቤል ትከሻዋ ላይ እየቆመ ይነዘንዛታል።

«በዚህ አያያዝሽ እኮ ጌሙ የሚያልቀው ሐይቁ ሲደርቅ ነው።»

«እምቦጩ እየወረረው ስለሆነ ብዙም አይቆይም» ትለዋለች እሷም፣ ከሥዕሉ ላይ ዓይኗን ሳትነቅል።

አቋራጭ ፈለጉ። አሪፋ ሰውን ቆራርጦ መሣል ተማረች። ራስ ለብቻ፣ ክንድ ለብቻ፣ ጭን ለብቻ፣ ባት ለብቻ። ቁርጥራጮቹ ኮምፒውተሩ ውስጥ በአጽም ላይ ይሰካሉ፤ አጽሙ ሲንቀሳቀስ ገላው ይከተላል። ከሁሉ የሚጠቅመው ግን አንዱ አጽም የተማረውን አረማመድ ለሌላው ማዋስ መቻሉ ነው። የቀዛፊው አካሄድ ለዓሣ አጥማጁ፣ የዓሣ አጥማጁ ለመነኩሴው ይሆናል። ቀጥሎ ደግሞ አረማመድን ከቪዲዮ ላይ የሚያነብ ፕሮግራም አገኙ። የሚሄድ ሰው ቪዲዮ ሲሰጡት ፊቱን፣ ልብሱን፣ ሥጋውን ይተውና መጋጠሚያዎቹን ብቻ ይለቅማል፤ በነጭ መስመር የተሠራ፣ መልክ የሌለው ሰው አድርጎ ይመልሳል። የሳምንታቱ ሥራ የከሰዓት ሥራ ሆነ።

አሪፋ በሐይቁ ዳር እየዞረች ቀረጸች። እንጨት የተሸከሙ ሴቶችን፣ መረብ የሚጎትቱ አጥማጆችን፣ ከጀልባ የሚወርዱ መንገደኞችን፣ እያስፈቀደች። ቪዲዮዎቹን አንድ በአንድ ከስልክ ወደ ኮምፒውተር መገልበጡ ጊዜ ሲበላባቸው ኪሩቤል አንድ ብልሃት ሠራ። ስልኳ ክፍሉ ውስጥ ካለው ዋይፋይ ጋር እንደተገናኘ አዲስ ቪዲዮ ሁሉ በራሱ ይተላለፋል፤ ፕሮግራሙም ያነበዋል፤ ቁጥር ይሰጠውና ከሌሎቹ ነጫጭ ሰዎች ጋር ያስቀምጠዋል። ለሥራ ያነሳችው ይሁን ለሌላ፣ የሚለይበት መንገድ አልነበረውም። አሪፋ የአባቷም እርምጃ በዚያው በር እንደሚገባ አላሰበችም። ወደ ክፍሉ ስትገባ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ትጥለዋለች፣ ሥራዋን ትጀምራለች።

አዲስ አበባ ላይ የአገር ውስጥ የጌም ሠሪዎች ትርኢት ሲቃረብ፣ ያልተጠናቀቀው ጅቡ ብቻ ነበር። ገላውን አሪፋ ሥላዋለች፤ የፊት ትከሻው ከፍ፣ ዳሌው ዝቅ ያለ፣ ጸጉሩ የቆመ። አረማመዱ ግን አልመጣላትም። በዚያ አገር ጅብ ካላነከሰ ጅብ አይመስልም፤ ይህን ሕፃን ሁሉ ያውቃል። የጤነኛ ሰው አካሄድ ብትሰጠው ውሻ መሰለ። በእጇ ልታስነክሰው ብትሞክር የሚቀልድ ሰው መሰለ።

አንድ ከሰዓት በኋላ አባቷን ከሕክምና መልሳ ወደ ሽምብጥ ስትደርስ ኪሩቤል በር ላይ ቆሞ ጠበቃት።

«ነይ እዪ» አላት። «ዝም ብለሽ ተቀመጪና እዪ።»

በኮምፒውተሩ ላይ ደንገሉ ተከፈለ። ጅቡ ወጣ። ቀኝ እግሩን አሳረፈ፤ ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ ግራ እግሩን በግማሽ ክብ ወደ ውጭ ወርውሮ፣ ጣቱ መሬቱን እየጫረ አመጣው። ግራ ትከሻው ወረደ። ገላው በሙሉ ለሚቀጥለው እርምጃ ጉልበት እስኪሰበስብ ተገታ። እንደገና ሄደ።

«ቀሽት አይደል?» አለ ኪሩቤል። «እኔ ራሴ ፈራሁት እኮ። ያቺ ቆም የምትላት ነገር አለች አይደል? ‘አሁን መጣሁልህ’ የምትል ነው የምትመስለው።»

«ከየት አመጣኸው?»

«ካንቺ ነዋ። መዓት ነጭ ሰው አጠራቅመሻል፤ አንዱ ሲያነክስ አየሁትና ጅቡ ላይ ሰቀልኩት። ማነው ግን? የት አገኘሽው ይሄን ሽማግሌ?»

አሪፋ ያቺን ቆም የምትል ነገር ታውቃታለች። አባቷ ግራ እግራቸውን ከማንሳታቸው በፊት ከንፈራቸውን የሚነክሱባት ቅጽበት ናት። በልባቸውም «ቢስሚላህ» የሚሉባት እንደሆነች ታውቃለች። ነጩ መስመር ከንፈሩን ትቶታል፣ ቃሉን ትቶታል፤ መቆሙን ግን አልተወም።

«አላስታውሰውም» አለች። «ወደብ ላይ ይሆናል።»

ኪሩቤል ትከሻው ትንሽ ጨምሮ ቢወርድ ጥሩ እንደሚሆን ነገራት። አሪፋ ተቀመጠች፣ ትከሻውን አወረደችው። ለራሷም እንዲህ አለች፦ ፊት የለው፣ ጋቢ የለው፣ ከዘራ የለው። ሰውን በአረማመዱ ብቻ የሚለይ ከእኔ ሌላ ማን አለ? ከብዙ ወራት ድካም በኋላ በሥራቸው ውስጥ እውነተኛ ሕይወት ያለው የመጀመሪያው ነገር ያ ጅብ ነበር፤ ይህንንም ታውቃለች። ልታጠፋው አልቻለችም።

በትርኢቱ ላይ ሰው ወደደው። የሚወራውም ስለ ጅቡ ብቻ ነበር። ሲመለሱ ባሕር ዳር ኢንተርኔት ተቋርጦ ጠበቃቸው። ይህ ጨዋታውን አላገደውም። በከተማው ልጆች ዘንድ የተለመደ ነገር ነው፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ሰው ያለውን ከስልክ ወደ ስልክ ይገለብጣል። ኪሩቤል ለሁለት ጓደኞቹ ሰጠ፣ እነሱም ለጓደኞቻቸው። በጥቂት ጊዜ ውስጥ ባጃጅ ተራው፣ ፀጉር ቤቱ፣ የኮሌጁ ደጃፍ፣ ሁሉም ታንኳ ይቀዝፍ ጀመር።

ጋሽ ኑርሑሴንን ወደ መሲ የሚያመላልሳቸው ደሞዝ የሚባል የባጃጅ ሹፌር ነበር። ቀልደኛ፣ ልበ ቅን ወጣት ነው። አንድ ቀን ጠዋት አባትና ልጅ ከኋላ ተቀምጠው ነዳጅ ሰልፍ ላይ ቆመው ሳለ፣ ደሞዝ በስልኩ ሲጫወት ቆየና ዞር አለ።

«ጋሼ፣ እንደው አይቆጡኝ እንጂ ይህ ጅብ ቁርጥ እርስዎን ነው የሚመስል።»

«የምን ጅብ?»

«ጨዋታ ነው። አረማመዱን ይዩልኝ። እኛማ ተራ ላይ ከደንገሉ ብቅ ሲል ‘ጋሽ ኑርሑሴን መጡ፣ ቅዘፍ’ ነው የምንባባል። በፍቅር ነው ታዲያ።»

ጋሽ ኑርሑሴን ሳቁ። «እዚያ ደግሞ ምን ሥራ ገባሁ?»

«ሰው ይበላሉ።»

«በየትኛው ጥርሴ?»

«በዚያችው በቀረችዎ።»

ሁለቱም ሳቁ። አሪፋ ከባጃጁ ሸራ ውጭ ትመለከት ነበር።

«ማነው የሠራው?» አሉ ጋሽ ኑርሑሴን።

«የዚሁ አገር ልጆች ናቸው አሉ። ሽምብጥ ነው የሚሠሩት።»

የአባቷ ሳቅ ከፊታቸው ላይ ቀስ ብሎ ወረደ። ልጃቸው በየቀኑ የት እንደምትሄድ ያውቃሉ። ወደ እሷ አልዞሩም። ደሞዝ ስልኩን ወደ ኋላ አሳልፎ ሊያሳያቸው ሲል «ይቅር፤ መነጽሬን አልያዝሁም» አሉት።

በዚያው ሳምንት እትዬ ፅጌ ማርያም ወደ ሱቁ መጡ። ልጆቻቸውን ሁሉ ከዚያ ሱቅ ጨርቅ ያለበሱ ደንበኛ ናቸው። የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው ነበር፤ ለክርስትና የሚሆን ነጭ ሻሽ ፈልገው። ጋሽ ኑርሑሴን ልጃቸው ልታወርድ ብትነሳም ከለከሏት፤ ራሳቸው ከመደርደሪያው አውርደው ይዘው መጡ። ቀኝ እግር። መቆም። ግራ እግር። ከሸራው ውጭ ከቆሙት ጎረምሶች አንዱ በጉሮሮው እንደ ጅብ አጉረመረመ፤ ሌሎቹ ሳቃቸውን አፈኑ። እትዬ ፅጌ ማርያም ድምፁን ሰሙ። እጃቸው ነጠላቸውን ስቦ የሕፃኑን ፊት ሸፈነ።

ክፋት አልነበረባቸውም። እጃቸው እንጂ እሳቸው ያደረጉት አይመስልም። ወዲያው ያደረጉትን አውቀው ደነገጡ፤ ነጠላውን መልሰው ሊገልጡ አሉና ያ ደግሞ የባሰ ሆነባቸው። ስለ አየሩ አወሩ፣ ሻሹን ገዙ፣ መርቀው ወጡ። ጋሽ ኑርሑሴን ምርቃቱን «አሜን» ብለው ተቀብለው፣ ባንኮኒውን በቀኝ እጃቸው ይዘው ለረጅም ጊዜ ቆሙ።

በማግስቱ አልተነሱም።

«እግሬ ዛሬ ደከመኝ» አሉ። በበነጋታውም ደከማቸው። ባለቤታቸው ዘይነት ከዘራውን እያቀበሉ «ተነሱ እንጂ፤ ልጅቱ እንድትቀርጽዎ ቆማ እየጠበቀች ነው» ሲሏቸው «መቀረጹ ይበቃል» አሉ። ሰላታቸውን አልጋው ላይ ተቀምጠው ሰገዱ።

አሪፋ ወደ ሽምብጥ ሮጠች፤ ለኪሩቤልም ሁሉንም ነገረችው። ልጁ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተለጠጠና ጭንቅላቱን ያዘ።

«ያኔ ስጠይቅሽ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንጃ።»

«በአንድ ቃል አወርደው ነበር እኮ አሪፋ። በአንድ ቃል።»

ወዲያውም አወረደው። ከነጫጮቹ ሰዎች መሐል መረብ የሚጎትት አጥማጅ መርጦ ጅቡ ላይ ሰቀለ። ያፈላው ሻይ ሳይቀዘቅዝ ሥራው አለቀ። ጅቡ አሁን የሰከረ ውሻ ይመስል ነበር፤ ለሁለቱም ግድ አልሰጣቸውም። ከዚያ በኋላ ነው የተያዩት። የታረመውን ለማን ይልኩታል? ጨዋታው ከእጃቸው የወጣው በኢንተርኔት መደብር በኩል አይደለም። ማን ከማን እንደገለበጠ የሚያውቅ የለም፤ በርቀት ሊነኩት የሚችሉበት ክርም የለም። የጎርጎራ ጀልባ ላይ ተሳፍሮ ሄዷል፣ ወረታም ደርሷል።

አሪፋ የታረመውን በስልኳ ይዛ ወደ ባጃጅ ተራው ሄደች። ደሞዝ ነገሩን ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ። «አፌን በቆረጠው» አለ፤ ስልኩን ሰጣት፣ አሮጌውን አጥፍታ አዲሱን ጫነችለት። ሌሎቹም አልከለከሏትም። አንዱ ግን አዲሱን ጥቂት ተጫውቶበት መለሰላት።

«ይሄ ጅብ አይደለም እቱ። ያኛው ይሻላል።»

«ያኛው አባቴ ናቸው።»

ልጁ መሬት መሬት አየ። «አላወቅሁም» አለ። አጠፋለሁ ብሎም ቃል ገባ። ጓደኞቹም ገቡ። መንገዱን ስትሻገር ከኋላዋ፣ ከየት እንደሆነ እንጃ፣ አንድ ስልክ ውስጥ ያ ጉርምርምታ ተሰማ።

በዚያን ቀን ከከሰዓቱ የዐስር ሰላት በኋላ አባቷ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ጅቡን የሠራሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ሆን ብዬ አይደለም። ቪዲዮው በራሱ ገባ። ኋላ ግን አወቅሁት፤ አውቄ ዝም አልሁ።»

ጋሽ ኑርሑሴን የታጠፈ ግራ እጃቸውን በቀኝ እጃቸው ያሻሹ ነበር። «አሳይኝ» አሉ።

«ይቅርብዎ።»

«መነጽሬን አቀብይኝና አሳይኝ።»

አሳየቻቸው። ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ያዙት። ጅቡ ከደንገሉ ወጣ፣ ቆመ፣ እግሩን በግማሽ ክብ ወረወረ፣ ትከሻው ወረደ። ደግማ እንድታሳያቸው ጠየቁ። ሦስተኛ ጊዜም ጠየቁ።

«እግሬ እንዲህ ነው የሚሄደው?»

አሪፋ ትከሻውን እኔ ጨምሬ ነው ያወረድሁት ልትል አሰበች። ትንሽ ነበር የጨመረችው፤ ያን ያህል ትንሽ ነገር ለመናገር አፈረች።

«አዎ» አለች።

«ካለፈው ይሻላሉ ትይኝ ነበር።»

«እል ነበር።»

«ከየትኛው ካለፈው?»

አሪፋ የአልጋ ልብሱን ጫፍ አስተካከለች።

«መሲስ ታውቅ ነበር?»

«ታውቅ ነበር።»

«እናትሽ?»

«እሷ አታውቅም።»

ስልኩን አልጋው ላይ አስቀመጡት። «ለጅቡ አልቀየምሁሽም» አሉ። «ጨዋታ ነው፤ ልጅም ይስቃል። እኔ ግን ቀጥ ብዬ የምሄድ መስሎኝ ነበር። ትንሽ እግሬ የሚጎተት፣ ያችው ብቻ። በገበያው መሐል ሳልፍ ሰው ዞር ብሎ ሲያየኝ፣ ኑርሑሴን ዳነ የሚሉኝ ይመስለኝ ነበር። ሰላምታዬንም እንደዚያው ነበር የምሰጥ።»

«አባዬ፣ ካልሄዱ እግሩ ይደርቃል። መሲ ነግራኛለች። ይኼ ውሸት አይደለም።»

«አውቃለሁ ውሸት እንዳልሆነ» አሉ። «አሁን አንቺን ማመን ነው የቸገረኝ እንጂ።»

ይህን ያሉት ሳይቆጡ ነው። ወዲያው ዘይነትን ጠርተው ውሃ ጠየቁ።

መሲ ቤት ድረስ መጣች። ቀለደች፣ ተቆጣች፣ ለመነች። እግሩን በእጇ እያነሳች ዘረጋች፤ ጋሽ ኑርሑሴን የሌላ ሰው ዕቃ ሲጠገን እንደሚያይ ሰው አዩዋት። ስትወጣ ለአሪፋ «እኔ እምቢ ያለ ሰው አላስኬድም» አለቻት። አሪፋ ግቢው ሰው እንዳይኖርበት በሩን ዘጋች፤ ስልኳን ከቤት አውጥታ ለጎረቤት ሰጠች፤ ማንም አያይዎትም አለቻቸው። «እኔ ራሴን አየዋለሁ» አሏት። ሳምንታት አለፉ። ዘይነት ሱቁን ያዙ፤ አሪፋ ሽምብጥ መሄዷን አቆመች። ኪሩቤል አንድ ጊዜ መጣና ከበር ላይ ቆመ፤ ጋሽ ኑርሑሴን «ግባ እንጂ ልጄ» ብለው አስቀመጡት፣ ስለ አባቱ ጤና ጠየቁት፣ ስለ ሌላ ነገር አላወሩም።

የሆስፒታሉ ቀጠሮ በደረሰ ጊዜ ደሞዝ ባጃጁን ይዞ መጣ። መንገዱ ለቱቦ ተቆፍሮ ስለነበር ወደ ቤቱ መጠጋት አልቻለም፤ ከሱቆቹ ወዲያ ማዶ አቁሞ በእግሩ ገባ። ከቤቱ እስከ ባጃጁ በገበያው ፊት ለፊት የሚያልፍ ርቀት ነበር። ዘይነት ከዘራውን ዘረጉላቸው።

ጋሽ ኑርሑሴን ከዘራውን አልተቀበሉም። ደሞዝን ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«ትችላለህ?» አሉት።

«ምኑን ጋሼ?»

«ተሸከመኝ።»

ደሞዝ ወደ አሪፋ ተመለከተ፤ እሷ የአባቷን ጫማ ከወለሉ አነሳች። ጎንበስ ብሎ አንድ እጁን ከጉልበታቸው ሥር፣ አንዱን ከጀርባቸው አሳለፈና ብድግ አደረጋቸው። ሰውየው ረጅም ስለነበሩ እግራቸው በሩን ለቅቆ ለመውጣት ወደ ጎን መዞር ነበረበት። ዝቅ ካለው ሸራ ሥር ሲያልፉ ደሞዝ ጉልበቱን አጠፈ። በተራው ላይ የተቀመጡት ሹፌሮች ብድግ አሉ። አንዱ ስልኩን ኪሱ ውስጥ ከተተ። እትዬ ፅጌ ማርያም ከአንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ ሆነው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ማንም አልሳቀም። ጋሽ ኑርሑሴን ከደሞዝ ክንድ ላይ ሆነው ለማንም ሰላምታ አልሰጡም፤ ወደ ሐይቁ በኩል፣ ከጣሪያዎቹ በላይ ያለውን ሰማይ ያዩ ነበር።

አሪፋ ጫማቸውን ይዛ ከኋላ ተከተለች። ባጃጁ ውስጥ ካስቀመጧቸው በኋላ ግራ እግራቸው ከመቀመጫው አልወርድ አለ። ተንበረከከችና ጉልበቱን በሁለት እጇ ይዛ ልትዘረጋው ሞከረች። መጀመሪያ በቀስታ፣ ቀጥሎ በኃይል። አባቷ ከላይ ሆነው ያዩዋት ነበር፤ ሕመሙ ፊታቸው ላይ ቢታይም ተዪ አላሏትም። ጉልበቱ አልተዘረጋም።